ወንዝ ዳር ቆመን ውሃ ያጣንበት ቀን



የአቃቂ ስም ሲነሳ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ፋብሪካ፣ ከባድ መኪናና አቧራ ነው። ከመሐል ከተማ ሊጠይቀን የሚመጣ ዘመድ ሳሪስንና ቃሊቲን አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ኧረ እንዴት ራቃችሁ!» ሳይል አይቀመጥም። እኛ ግን ቤታችን እዚህ ነው፤ ልጆቻችንም እዚሁ ተወልደው እዚሁ አድገዋል። ከፈጅር በኋላ በር ስንከፍት በስተሰሜን የእንጦጦ ሰንሰለት በጭጋግ ውስጥ ይታየናል። በስተደቡብ ደግሞ ትናንት ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር ይዘራበት የነበረው፣ ዛሬ ቤት የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ይዘረጋል። ይህ መሬት በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቅና የልጅ እግር ይይዛል። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ስሙን የሚጠራ ሁሉ የሚያስበው ኮንዶሚኒየሙንና ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ነው።

በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቻችን ስለ ባቡሩ መናገር ይወዳሉ። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ሐዲዱንና ወንዙን ተከትሎ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱና ሌላውም ፋብሪካ ተተከለ። በአሮጌው ሐዲድ ባቡር ማለፉ ከቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወንዙ ግን አልቆመም፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈንም እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቤት ሥራ ነው። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጃችን ከትምህርት ቤት ሁለት ጥያቄዎች ይዛ መጣች፦ በቤታችሁ የምትጠቀሙበት ውሃ ከየት ይመጣል? ከተጠቀማችሁበት በኋላስ ወዴት ይሄዳል? ለመጀመሪያው «ከቧንቧ» ብላ ጽፋ ልትጨርስ ስትል ታላቅ ወንድሟ ሳቀባት። የልጆቹ አባት ግን አልሳቀም፤ አጠገቡ አስቀመጣትና ያስረዳት ጀመር። የአዲስ አበባ ውሃ በከፊል የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ነው። ከፊሉ ደግሞ ከእኛው ከአቃቂ ከርሰ ምድር በጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ ይወጣል። በእንጦጦና በዙሪያው ባሉ ከፍታዎች ላይ የወረደው ዝናብ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ እየተጣራ በዝግታ ወደ ደቡብ ይወርድና ከአቃቂ ሜዳ በታች ይጠራቀማል። «ስለዚህ እኛ ከተማውን እናጠጣለን ማለት ነው?» አለች ልጅቱ ደስ ብሏት። ከመሐል ከተማ የመጣ ዘመድ ስለ ርቀታችን ሲያላግጥ የምትመልሰው አገኘች።

ሁለተኛው ጥያቄ ወደ እኛ ዞረ፤ ምክንያቱም ውሃ የሚደፋው በእኛ እጅ ነው።

«ወደ ቦይ ይሄዳል» አልናት።

«ከቦይስ?»

«ወደ ወንዝ።»

«ከወንዝስ?»

ዝም አልን። በእውነቱ አናውቀውም ነበር። እኛ የቤት እመቤቶች ውሃ የሚመጣበትን ቀን እናውቃለን። በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ተነስተን ሮቶውን እንሞላለን፣ ጀሪካኑን እንደረድራለን፣ ጠብታውን እንቆጥራለን። ሲሄድ ግን አይተነው አናውቅም። ሳፋውን አንስተን በር ላይ ካለው ቦይ ደፋ እናደርግና ጀርባችንን ሰጥተን እንገባለን። ሲመጣ እንደ እንግዳ የምንቀበለውን፣ ሲሄድ እንደ ሌባ እናባርረዋለን።

ስለዚህ በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ክረምቱ ጠቅልሎ በወጣ ጊዜ፣ አራታችንም ቦዩን ተከትለን ወረድን። ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃና ጥቂት ቆሎ ይዘናል። ጎረቤቶቻችን «ወዴት ናችሁ?» ሲሉን «ውሃችንን ልንሸኝ» ስንላቸው የሳቁብንን ሳቅ እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ጉዞው ረጅም አልነበረም፤ ብዙ ነገር ግን አሳይቶናል። በየአጥሩ ሥር አንድ ቱቦ ብቅ ብሎ ያለውን ያንጠባጥባል፤ ከአንዱ የልብስ አረፋ፣ ከአንዱ የሽሮ ድስት እጣቢ፣ ከአንዱም ልንጽፈው የማንፈልገው ነገር ይወጣል። ቦዩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። የዶሮ ላባ፣ ዳይፐር፣ የጸጉር ቅጥያ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፌስታል ሞልቶበታል። ፌስታሉ በየቁጥቋጦው ላይ ተጠምጥሞ ከሩቅ ሲያዩት የተሰጣ ልብስ ይመስላል። ሰፈራችን በውጭ ሲያዩት የተጠረገና የጸዳ ነው፤ ቦዩ ግን ገበናችንን አንድም ሳያስቀር ይዞት ይወርዳል።

ቦዩ ወደ ጅረት ከሚገባበት ቦታ ስንደርስ ወንድ ልጃችን ቆመና በጣቱ አሳየን። በእሾህ ሥር የተወሸቀ ቢጫ የላስቲክ ኩስኩስት አለ። እጀታው ተሰብሯል፤ አፉ ላይ ልጅቱ ሕፃን ሳለች ጥርሷ ሲወጣ የነከሰችው ምልክት አለበት። የእኛ የውዱእ ኩስኩስት ነው! ከአንድ ዓመት በፊት እጀታው ሲሰበር፣ ትልቅ ዝናብ በጣለ ቀን ቦዩ ውስጥ የወረወርነው እኛው ነን። «ጎርፉ ይውሰደው» ብለን ነበር፤ ጎርፉም ወስዶ እዚህ አስቀመጠው። ልጆቹ አንዴ ኩስኩስቱን፣ አንዴ እኛን ተመለከቱ። ምንም አላሉም፤ ቢናገሩ ይቀለን ነበር። አውጥተን በፌስታል ጠቅልለን ያዝነው። ቀኑን ሙሉ በእጃችን ነበር።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። አቃቂ ወንዝ ሲባል ሁለት እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ትንሹ አቃቂ በገፈርሳ በኩል ይነሳና የከተማውን ምዕራብ አቋርጦ ይወርዳል፤ ትልቁ አቃቂ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ከለገዳዲና ከድሬ አቅጣጫ ይመጣል። በሌላ አነጋገር ሁለቱም ከመጠጥ ውሃችን ሰፈር ይነሳሉ፤ ሲነሱ ንጹሕ ናቸው። ከተማውን አልፈው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን የሚሊዮኖችን ሳፋ ተሸክመው ነው። አቃቂም ከሥሯ ንጹሑን ውሃ ለከተማው ትሰጣለች፣ በላይዋ ደግሞ ከተማው የተጠቀመበትን ትቀበላለች። እንዲህ ያለ ጎረቤት በሰው መካከል ቢኖር ምን ስም እንሰጠው ነበር?

በዳርቻው ከብት የሚያጠጡ አንድ አዛውንት አገኘንና ሰላም ብለናቸው ቆምን። «አባባ፣ ከብቶቹ ይጠጡታል?» አልናቸው። «መጀመሪያ አፍንጫቸውን ያዞራሉ፤ ከዚያ ይጠጣሉ። ሌላ የት አለና?» አሉ። በልጅነታቸው በዚህ ውሃ ዋኝተውበታል፣ ዓሣ አጥምደውበታል፣ እናታቸውም በእንስራ ቀድተው ለቤት አምጥተዋል። ዛሬ በዱላቸው እንኳ ሊነኩት አይወዱም። ልጃችን ደብተሯን አውጥታ «ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» ስትላቸው በዱላቸው ወደ ደቡብ አመለከቱ፤ «አባ ሳሙኤል። ከዚያ አዋሽ። ከአዋሽ ወዲያ እኔም አልደረስኩ፤ በረሃ ነው ይላሉ» አሏት። የቤት ሥራው እኛ ያልመለስነውን መልስ አገኘ።

እስቲ ከእርሳቸው ቀጥለን መንገዱን እንከተል። ሁለቱ አቃቂዎች በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። ሐይቁ በ1930ዎቹ በተሠራ ግድብ የተጠራቀመ ሲሆን፣ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተተከለው እዚያ ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ውሃው ከዚያ ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ወደ ቆቃ ይገባል፤ ከቆቃ ወጥቶ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ የአዳማ ሕዝብም የመጠጥ ውሃውን የሚያጣራው ከዚሁ ወንዝ ነው። ከዚያ በመተሐራ አልፎ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። አዋሽ ከምንጩ እስከ መጨረሻው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ባሕር አይገባም፤ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅና በዙሪያው ባለው በረሃ ያልቃል። የተሸከመውን የሚያራግፍበት ውቅያኖስ የለውም። ያለን አገር ውስጥ ነው የሚቀረው፤ በቆቃ ዓሣ፣ በማሳው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በአፋር ወንድሞቻችን ግመልና ፍየል በኩል ያልፋል። የቆቃ ዓሣና የዚያ አካባቢ ሽንኩርት ደግሞ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይመጣል። ሳፋችንን ደፍተን ጀርባ ስንሰጠው እሱ ዞሮ በፊት ለፊት በር ይመጣ እንደነበር አላወቅንም።

ይህን ስንነጋገር የዙህር ሰዓት ደረሰ። ጨርቅ የምናነጥፍበት ንጹሕ ቦታ በባሕር ዛፍ ሥር አገኘን። ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ ወደ ወንዙ ሮጠች፤ ውዱእ ልታደርግ ነው። አባቷ ጠራት። ውሃ ነጃሳ ገብቶበት ከሦስቱ አንዱ፣ ቀለሙ ወይም ጣዕሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ለውዱእ እንደማይሆን ዑለማዎች ሁሉ የተስማሙበት ነው። ልጅቱ ይህን በመድረሳ ተምራዋለች፤ ግን በኩባያ ውስጥ ስላለ ውሃ እንጂ ስለ አንድ ሙሉ ወንዝ አስባው አታውቅም። ቀና ብላ «ይሄ ሁሉ?» አለች።

ይሄ ሁሉ። ከፊታችን ከአንድ ሺህ ጀሪካን የሚበልጥ ውሃ ያልፋል፤ አራት ሰው ግን ለአንድ ሶላት የሚበቃው አጣ። በዕድሜያችን ስለ በረሃ መንገደኛና ስለ ተየሙም ስንሰማ የኖርነው ውሃ በሌለበት ስለሚያጋጥም ችግር ነበር። ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ ማጣት እንዳለ ያየነው በዚያ ቀን ነው።

የቀረን በሃይላንዶቹ ውስጥ ያለው ሦስት ሊትር ያህል ነው። የልጆቹ አባት ለእያንዳንዳችን በቀስታ እያፈሰሰ አዳረሰን፤ እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ፣ ራስ፣ እግር። አራታችንም ጨረስን፤ ከታች ሁለት ጉንጭ ተረፈ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ከሙስሊም ዘገባ ስንሰማ ኖረናል። ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ሙሉ ነው፤ ብዙዎቹ ዑለማዎች እንደሚያሰሉት ሦስት ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። ስንሰማው ግን የቀደምቶች ብርታት፣ የእኛ አቅም የማይደርስበት ይመስለን ነበር። ሳናስበው አራታችን በዚያ ልክ ተጠቅመን ነበር፤ ችግሩ ነው ያስለካን።

ቤት ተመልሰን አንድ ነገር ሞከርን። ወንድ ልጃችን እንደ ወትሮው ከቧንቧው ሥር ውዱእ ሲያደርግ ሳፋ አስቀመጥንበትና የወረደውን በጀሪካን ለካነው፤ ስድስት ሊትር ሆነ። አምስት ጊዜ ሲሆን ሠላሳ፣ ለአራት ሰው አንድ መቶ ሃያ ሊትር፣ ይኸውም በቀን ስድስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። እርግጥ ሁሉም አምስቱንም ቤት አይሰግድም፤ ሒሳቡ ለራሳችን ለመንገር ይበቃል። በሙድ ቢሆን አንድ ጀሪካን ሳይሞላ ቀኑ ያልፋል። ሌሊት ተነስተን የምንቀዳው ውሃ በጠዋት ወዴት እንደሚሄድ በዚህ ገባን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድን (ረ.ዐ.) ውዱእ ሲያደርግ አግኝተውት ከማባከን እንደከለከሉት፣ በሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆን እንኳ ብክነት ብክነት እንደሆነ እንደነገሩት ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል፤ ዑለማዎች በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩበትም መልእክቱን ያልተቀበለ የለም። ዛሬ ከቧንቧው አጠገብ አንድ የተመዘነ ኩባያ ተንጠልጥሏል። የሚዘነጋው ብዙውን ጊዜ ልጅ አይደለም፤ እኛ ነን፣ በተለይ በሱብሒ።

ወንድ ልጃችን ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። «እማ፣ ፋብሪካው በትልቅ ቱቦ እየደፋ የእኛ ሳፋ ምን ያደርጋል?» አለን። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ልጁ እውነቱን ነው። በከተማው ወንዞች ውስጥ የሚገባው ከቆዳ ማልፊያ፣ ከማቅለሚያና ከሌላም ፋብሪካ የሚወጣ ኬሚካል ከእኛ የሽሮ እጣቢ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ፋብሪካ የሚያስወጣውን የማጣራት ግዴታ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት መቆጣጠሪያ አዋጅ ጥሎበታል፤ ይህን ማስከበር የሳፋ ባለቤት ሥራ አይደለም። መጠየቅ ግን የእኛም ነው።

ይህ ሲባል ግን የፋብሪካው በደል የእኛን አያጥብም። ወንዙ ውስጥ ያለው የሰው እዳሪ የፋብሪካ አይደለም። ሰው ከሚጠቀምበት ውሃ ዳር መጸዳዳትን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረው አስጠንቅቀዋል፤ እኛ ዳር ድረስ ባንሄድም ቱቦ ልከንለታል፣ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል፤ የፍሳሽ መስመር ያልደረሰው ቤት ግን ገና ብዙ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳር ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት የታሰበ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ልጃችን ይህን ስትሰማ ያን የተጠቀለለ ኩስኩስት አስታውሳ «እማዬ፣ በፌስታል ነው የያዝሽው» አለችን። የዘንቢሉን ነገር ከዚያ ወዲህ አልረሳንም።

አሁን ወደ ከበደን ነገር እንምጣ። ከሰፈራችን ጉልት አንዲት ጎረቤታችን አለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ሦስት ልጆች የምታሳድገው ከወንዙ ዳር ባላት ትንሽ መሬት ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ታበቅላለች፤ በበጋ የምታጠጣው ከወንዙ እየሳበች ነው። እጇ በረካ አለው፤ ቆስጣዋ እንደ እሷ ለምለም የሆነ ሌላ ጉልት ላይ አይገኝም። ለዓመታት ገዝተናታል። ሙስሊም አይደለችም፤ ግን በረመዳን ከመግሪብ በፊት በራችንን አንኳኩታ ለማፍጠሪያ አንድ እቅፍ ጎመን ሳትሰጠን የቀረችበት ዓመት የለም፤ እኛም በፋሲካዋ ባዶ እጃችንን አንሄድም።

በአቃቂ ወንዝ በሚጠጣ አትክልት ላይ ጥናት ከተጀመረ ቆይቷል። የፍስሐ ኢታናን ጥናት ጨምሮ በከተማው የወንዝ ዳር እርሻዎች የተደረጉ ምርመራዎች እንደ ክሮሚየም፣ ሊድና ካድሚየም ያሉ ብረቶች ቅጠላቸው በሚበላ አትክልቶች ውስጥ መገኘታቸውን አሳይተዋል፤ ጥቅል ጎመን ከሌሎቹ ቅጠላ ቅጠሎች ያነሰ እንደሚይዝም ተጽፏል። ይህ ለእኛ ለወጥ ሠሪዎች የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው። በአቼቶ ማጠብና ማብሰል ጀርሙንና የወስፋት እንቁላሉን ያጠፋል ወይም ይቀንሳል፤ ከሥሩ ተመጥቶ ከቅጠሉ ጋር የተዋሐደውን ብረት ግን መታጠብም መፍላትም አያወጣውም። ብረቱም በአንድ ቀን አያሳምምም፤ በሰውነት ውስጥ በዓመታት ነው የሚጠራቀመው፣ ይልቁንም በልጆች ላይ ይከፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ካልገዛናት የሦስት የቲሞች ጉሮሮ ነው። ከገዛናት የልጆቻችን አካል ነው። በፍልስፍና የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ዘንቢል ይዘን ስንወጣ የሚያጋጥመን ነው። ለሳምንታት መንገድ ቀይረን በሌላ በኩል ሄድን፤ ይህ ከሁሉ የከፋው እንደነበር አሁን እናምናለን። እሷ ቂም የያዝንባት መስሏት ተጨንቃ ነበር። ለካ ወንዙን የምታቆሽሸው እሷ አይደለችም። እሷ ከላይ የመጣላትን ውሃ የምትጠቀም ሴት ናት፤ ከላይ ያለነው እኛ ነን። በቆስጣዋ ውስጥ ያለው የእኛ ባትሪ ድንጋይ፣ የእኛ ቀለም፣ የእኛ በረኪና ሊሆን ይችላል። አቆሽሸንባት፣ ቆሸሸ ብለን ሸሸናት።

ሄደን ነገርናት። ቡና አፍልታ ጠበቀችን፤ እሷ የምትፈልገው እርቅ ነበር፣ እኛ ያመጣነው የወንዝ ወሬ። አዳምጣን ስታበቃ «እኔስ የማላውቅ መሰላችሁ? ውሃው እኮ እግሬን ያሳክከኛል» አለች። ልጆቿ ከዚያው ጎመን ይበላሉ። ከእሷ ጋር ተነጋግረን የዛፍና የአበባ ችግኝ እንድትሞክር፣ የሚበላውን ደግሞ በክረምት በዝናብ ብቻ እንድታበቅል አሰብን። የሰፈሩ ሴቶችም ለመጀመሪያው የችግኝ አፈርና ዘር ከዕቁባችን አዋጥተን ሰጠናት። ሰደቃ ብለን አልጠራነውም፤ ለእኛ የዕዳ ክፍያ ይመስለናል። እሷም ዓይኗን ጨፍና አልተቀበለችውም፤ «አበባ የሚገዛ ሰው መንገድ ዳር ነው ያለው፤ እኔ ጓሮ ማን ይመጣል? ደግሞ አበባ ሳይሸጥ ቢቀር ለልጅ አይቀቀልም» አለች። እውነቷን ነው። መሬቱን ሙሉ አልለወጠችም፤ በአንድ ጥግ ላይ ብቻ ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው፤ ትልቅ አድርገን ብናወራ ውሸት ይሆናል። ስድስት ቤቶች የባትሪ ድንጋይና ያገለገለ ዘይት ቦይ ውስጥ መጣል ትተናል። የአትክልት ማጠቢያና የውዱእ ውሃ በጓሮ ወዳለው የማንጎ ችግኝና ጌሾ ሥር ይሄዳል፤ አቃቂ ላይ ማንጎ ያፈራ እንደሆነ እንግዲህ አላህ ያውቃል፣ ልጅቱ ፍሬውን በልታ ፍሬ ከሚሆነው ዘር ራሷ ተክላው ነው። ዳይፐሩና ደረቅ ቆሻሻው ለሰብሳቢ ማኅበሩ ልጆች ይሰጣል። በክረምት ዝናብ ሲጠነክር ግን ከላይኛው ሰፈር አሁንም ፌስታሉ በእኛ በር ላይ ያልፋል። ከታች ያሉትም ከእኛ ሰፈር የሚወርደውን እያዩ እንደዚሁ ይሉ ይሆናል።

በበጋው ማብቂያ አንድ ዘመድ በመኪናው አባ ሳሙኤል ወሰደን። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ነበር። ሐይቁን ከሩቅ ስናየው አረንጓዴ ሜዳ መሰለን፤ ስንቀርብ እምቦጭ ነው። ከከተማው ፍሳሽ ጋር የሚወርደው ማዳበሪያ መሳይ ነገር ሁሉ ይመግበዋል። በመካከሉ ባልተሸፈነው ውሃ ላይ ግን ይብራዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ቆመዋል፤ ከእነርሱ መካከል ክረምቱን ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡ አሉ። ያን ሁሉ አገር በረው እዚህ ውሃ ላይ ያርፋሉ። ልጃችን ቆጥራ ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ተነስተው በረሩና ቁጥሩ ጠፋባት፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ይህን በምንጽፍበት ሳምንት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኳች። ረመዳን ገብቷል። በእጇ አንድ እቅፍ ቆስጣ አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ በጥቁር ላስቲክ የተተከለች አንዲት የጽጌረዳ ችግኝ አስቀምጣለች። ጎረቤት የሰጠውን መናቅ በእኛ ዘንድ አይገባም። «ግቢ» አልናት። ጽጌረዳዋን ከበሩ አጠገብ አስቀመጥናት። ቆስጣውን ተቀብለን ወደ ማድቤት ገባንና አስቀምጠነው ቆምን፤ ከኋላችን ልጃችን መጥታ «እማዬ፣ በዝናብ ያደገ ነው ወይስ በወንዝ?» አለችን።